ሁለተኛው ምት

ሔራን መጀመሪያ ወደ ቤዝመንቱ የወረደች ቀን ትንሿን ጣቷን በቀዘቀዘ የአተር ፌስታል ጠቅልላ ይዛ ነበር። ጎሹ ከሥራ ተመልሶ ሶፋው ላይ ጋደም ብሏል። ቀና ብሎ ሲያያት ፊቷ ላይ ዕንባም ቁጣም አልነበረም።

«ምን ሆነሽ ነው እትዬ ሔራን?»

«በር ዘጋሁበት። ደግሞ እትዬ አትበለኝ፣ ብበልጥህ ቢበዛ ሁለት ዓመት ነው።»

በሩን የዘጋባት ባሏ ነበር። ጎሹ ከታች ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። መጀመሪያ የባስልዮስን ድምፅ፣ ከዚያ በሩ ሲላተም፣ ከዚያ የእሷን አጭር ጩኸት፣ በመጨረሻም የባስልዮስ መኪና ከደጅ ሲወጣ። ተነስቶ ደረጃውን እስከ ግማሽ ወጥቶ ነበር። ግማሹ ላይ ቆመና ተመለሰ።

ጊዜው ኮሮና ከተማውን የዘጋበት፣ በፈረንጆቹ 2020 ሚያዝያ ነው። ጎሹ ዲቪ ደርሶት ኮሎምበስ ከገባ ዓመት አልሞላውም። ጠዋት ኦቤትስ ካለ መጋዘን ዕቃ ይጭናል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ባስልዮስ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ያለው ጋራዥ ሄዶ ያግዛል። የሚኖረውም እሱው ጋ፣ ፒከሪንግተን ያለው ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ባስልዮስ በሱዳን በኩል በስደት የመጣ፣ ከባዶ ተነስቶ ጋራዥና ቤት ያፈራ ግዙፍ ሰው ነው። ጎሹን ኤርፖርት ተቀብሎ፣ ብርድ ልብስ የሚያህለውን የገዛ ጃኬቱን አውልቆ ያለበሰው እሱ ነው። መንጃ ፈቃድ ያስወጣለት፣ ሥራ ያስገባለትም እሱ ነው። ሚስቱን የሚደበድባትም ይኸው ሰው ነው። ጎሹ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ማሰብ ስለሚከብደው አንዱን ሲያስብ ሌላውን ይተወው ነበር።

ሔራን ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ቴሌቪዥኑን ከፈተችው። ቀኑን ሙሉ የድሮ ጥቁርና ነጭ ፊልም ብቻ የሚያሳይ ጣቢያ ነበር። ባርኔጣ ያደረገ ሰው ዝናብ ውስጥ ቆሞ ሲጋራ ይለኩሳል። ሴትዮዋ ደረጃ ትወርዳለች። ጎሹ እንግሊዝኛው ገና አልገባውም።

«ምን አለችው?»

«ባሌ የለም ነው ያለችው» አለች ሔራን። «ሳይጠይቃት። ሰውዬው አለቀለት።»

«ምኑ ነው ያለቀለት? ገና አሁን እኮ ነው የተገናኙት።»

«እነዚህ ፊልሞች ላይ ያሉ ሰዎች መጨረሻቸው ሲጀመር ነው የሚታወቀው። ወይ ይገድላሉ ወይ ይገደላሉ።»

«ካወቅሽው ለምን ታዪዋለሽ?»

«እንዴት እንደሚደርሱበት ለማየት።»

ከዚያን ቀን በኋላ ባስልዮስ ጋራዥ ሲውል ከሰዓት ከሰዓት ትወርዳለች። ፊልሙን ቃል በቃል አትተረጉምለትም። በራሷ አፍ ነው የምታወራው። ገዳዩን «ይሄ ምስኪን»፣ ፖሊሱን «የሰፈር አለቃ» ትለዋለች። ልክ ሰው ሊሞት ሲል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አሁን ነው፣ ተመልከት» ትላለች። ጎሹ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያስቆማታል።

«እዚህ ጋ መሄድ ይችል ነበር። መኪናው ደጅ ቆሟል። ቁልፉን ይዟል።»

«ይወዳታላ።»

«ታዲያ ይዟት ይሂዳ።»

«ወዴት?» አለችው አንድ ቀን። ይህን ስትል የምታየው ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እሱን ነበር።

በጋው ሳይወጣ ፍቅረኛሞች ሆኑ። እሱ እንሂድ ይላታል፤ እሷ አይሆንም ትለዋለች። ከጎሹ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ጓደኛዋ ጠፍታ ነበር። ባስልዮስ ሄዶ አመጣት። እሷ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ጎኗ ላይ ያለውን ጠማማ አጥንት አስነካችው። «ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ወደቀች ተባለ» አለች። «የቤተ ክርስቲያኗ እትዬ አፀደ ራሳቸው ሾርባ ሠርተው አመጡልኝ። ደረጃ ስትወርጂ ተጠንቀቂ አሉኝ።»

ኅዳር ላይ፣ አንድ እሑድ፣ ባስልዮስ ቢራ ይዞ ወደ ቤዝመንቱ ወረደ። ቴሌቪዥኑ በርቷል። ዝናብ፣ ባርኔጣ፣ ደረጃ የምትወርድ ሴት። እሱም ከጎሹ ጎን ቁጭ አለ። በእንግሊዝኛ ከደንበኛ ጋር ቢግባባም እንዲህ የተጣደፈ የድሮ ንግግር አይገባውም።

«ምንድነው የሚለው ሰውዬው?»

ጎሹ ሳያስብ መለሰለት። «ባሏ የለም አለችው፣ ሳይጠይቃት። አለቀለት። ይሄ ምስኪን ባሏን ሊገድልላት ነው። ከዚያ ያ የሰፈር አለቃ ይደርስበታል።» ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሁን ነው፣ ተመልከት» አለ። እስክሪኑ ላይ ሰውዬው ዞረ።

ባስልዮስ ቢራውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እንግሊዝኛ መቼ ቻልክ?»

«ያው… አንዳንድ ቃል።»

«አንዳንድ ቃል» አለ ባስልዮስ። ጎሹ የተናገረው በማን አፍ እንደሆነ ዓመታት አብሯት የኖረው ባል አላጣውም። «እስከ መጨረሻው ንገረኝ እስቲ። ሰውዬው ምን ይሆናል?»

«ይሞታል» አለ ጎሹ።

ባስልዮስ ራሱን ነቀነቀና ወደ ላይ ወጣ። ያን ቀን ከላይ ምንም ድምፅ አልተሰማም። ሳምንቱን ሙሉም አልተሰማም።

ቅዳሜ ጠዋት በረዶ ስለጣለ ደንበኛ አልነበረም። ባስልዮስ አንድ ፒካፕ አስገብቶ በክሪክ አነሳውና የፊት ጎማዎቹን አወለቀ። «ግባና ከሥር ያለውን ብሎን ፍታልኝ» አለው።

«ጋሼ፣ ስታንዱን ላድርግበት?»

መኪና በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ከሥሩ እንዳይገባ፣ በብረት መደገፊያ እንዲቆም ያስተማረው ራሱ ባስልዮስ ነበር።

«ተወው። የአንድ ደቂቃ ሥራ ናት።»

ጎሹ በጀርባው ተንሸራቶ ገባ። የባስልዮስ ጫማ ከክሪኩ አጠገብ ሲቆም አየ። ከዚያ ጉልበቱ፣ ከዚያ ፊቱ ታየው። ባስልዮስ ቁጢጥ ብሎ ወደ ሥር እያየው ነው።

«ሰውዬው መጨረሻ ላይ ምን ይሆናል አልከኝ?»

ክሪኩ ተለቀቀ።

ጎሹ ሰውነቱን ወደ ጎን ወረወረው። ግራ እጁ ግን አልደረሰለትም። መኪናው ጣቶቹ ላይ ሲያርፍ የአጥንቱን ድምፅ ከሕመሙ በፊት ሰማው። ሲጮህ ባስልዮስ የጎማ መፍቻውን አንስቶ ከመኪናው የወጣውን እግሩን መታው። ደግሞ ጉልበቱን መታው። አይሳደብም፣ አይጮህም። እንደ ሥራ ነበር የሚመታው።

ሔራን የገባችው ይሄኔ ነው። ባሏ ጠዋት ሲወጣ ስልኳን ነጥቆ «ዛሬ ጎሹ ወደ ቤት አይመለስም» ብሏት ነበር። ጎረቤት ለምና መኪና ተውሳ ነው የመጣችው። ከጠረጴዛው ላይ መዶሻ አነሳችና ከኋላው ጭንቅላቱን መታችው። ባስልዮስ እንደ ጆንያ ተደፋ።

በሁለት እጇ ክሪኩን መልሳ ገፋችው። መኪናው ትንሽ ከፍ ሲል ጎሹ እጁን አወጣ። ሦስቱ ጣቶች ጣት አይመስሉም። እሷ ሻርቧን አውልቃ ጠቀለለችለት። ደሙ ሲሚንቶው ላይ ካለው ዘይት ጋር ተቀላቀለ።

«ሔሩ» አለ አንድ ድምፅ።

ባስልዮስ ዓይኑን ገልጧል። ከጆሮው ደም ይወርዳል። «ሔሩ፣ አምቡላንስ ጥሪልኝ።»

የነጠቃት ስልክ ከኪሱ ወጥቶ ወለሉ ላይ ወድቋል። ሔራን ስልኩን አነሳችው። ጎሹ በደህና እጁ መፍቻውን ይዞ በአንድ እግሩ ቆመ። ሰውዬው ከተረፈ ምን እንደሚሆን አሰበ፤ የተጣመመውን ጎኗን አሰበ። ሔራን ቀና ብላ አየችው።

«ጎሹ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም።

ጎሹ መታው። ባስልዮስ እጁን ለመከላከል አነሳ፤ ጎሹ እጁንም ጭንቅላቱንም አንድ ላይ ነው የመታው። ከዚያ በኋላ የተኛው ሰው አልተንቀሳቀሰም።

እየጎተቱ ከፒካፑ ሥር አስገቡት፤ ክሪኩን ለቀቁበት። መዶሻውንና መፍቻውን አጠቡ። ሔራን ከዚያ በኋላ ደወለች። ስትጮህ ማስመሰል አላስፈለጋትም።

ፖሊስ አደጋ ነው አለ። ስታንድ ያልተደረገበት መኪና፣ ያረጀ ክሪክ፣ በረዶ፣ ቅዳሜ። የጎሹ እጅም ነገሩን ራሱ አስረዳለት። አሠሪውን ሊያወጣ ሲታገል መኪናው ጣቶቹን በላቸው ተባለ። ሆስፒታል ሦስት ጣቶቹን ቆርጠው ሲያስወጡት ደጅ ላይ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጭንብል አድርገው ተሰልፈው ጠበቁት። እትዬ አፀደ ፋሻውን ዳሰስ አድርገው «የኔ ጀግና፣ እጅህን ለወንድምህ የሰጠህ» አሉት። ጎሹ ፋሻውን ኮቱ ውስጥ ደብቆ መኪና ውስጥ ገባ።

የባስልዮስ ታናሽ ወንድም ጎሳዬ ከስቴት ስቴት ትራክ የሚነዳ ሰው ነበር። የወንድሙ ሬሳ ሊገነዝ ሲል ነው የደረሰው። ለቀስተኛው ፊት ተንበርክኮ የጎሹን የተፋሻ እጅ ሳመው። «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም አልልም» አለው። «አንተ አለህ።»

ጎሹ ዕቃውን ይዞ ሌላ ሰፈር ተከራየ። ሔራን ትመጣለች። ግን አይነካኩም። አልጋው ላይ ጎን ለጎን ልብሳቸውን እንደለበሱ ይተኛሉ። የተቆረጠው እጁ በስህተት ሲነካት ሰውነቷ ይሸማቀቃል፤ እሷም ታፍራለች፤ እሱም ያያል። አንድ ቀን ጎሹ ቴሌቪዥን ከፈተና ያ ጣቢያ መጣ። ሔራን ተነስታ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው። ሁለቱም የየራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ነበር የሚውሉት። አንዳቸውም ግን አልጠየቁም።

ጎሳዬ አደጋ ነው የሚባለውን አልተቀበለም። «ባስልዮስ እኔን በልጅነቴ በጥፊ እየመታ ነው ስታንድ ያስለመደኝ» ይላል። «እንዴት ሆኖ ነው ያለ ስታንድ የሚገባ?» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለው። ፍሥሐ የሚባል መካኒክ ጋራዡ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ በመስከረም ከባስልዮስ ጋር ተደባድቦ ተባረረ። ሲወጣ ደንበኛ ፊት «አንድ ቀን በመኪና ሥር ትቀራለህ» ብሎታል። ጎሳዬ ይህን ከያዘ በኋላ አልለቀቀም። ክሪኩን ያበላሸው ፍሥሐ ነው አለ።

«ክሪኩ እኮ አርጅቶ ነው ጎሳዬ» አለው ጎሹ። «አየሁት።»

«አንተ ደግ ሰው ነህ። ክፉ አይታይህም።»

ጎሹ ለሔራን ነገራት። «ይገድለዋል» አላት። «ፍሥሐ ልጆች አሉት።»

«ቀን ሲገፋ ይረሳዋል» አለች። «እኛ እንሂድ። ሲያትል ዘመድ አለኝ። ባልየው የለም። አሁን እንኳ እንሂድ።»

የሄዱት በ2021 ሚያዝያ፣ ፀሐያማ ቅዳሜ ላይ ነው። መንገዱ በክሊቭላንድ አቬኑ በኩል ነበር። ሔራን ትነዳለች። ሻንጣው ከኋላ ተቀምጧል። የጎሹ ስልክ ጮኸ።

«አገኘሁት» አለ ጎሳዬ። ትንፋሹ ይቆራረጣል። «ከተዘጋው የልብስ ማጠቢያ ቤት ኋላ፣ ፓርኪንጉ ላይ መኪና እየጠገነ። ና፣ በራስህ ጆሮ ይናዘዝልህ።» ከኋላው ሰው ያቃስታል።

ስልኩ ተዘጋ። ቦታው ከነበሩበት ሩቅ አልነበረም።

«አቁሚው» አላት።

«አላቆምም።»

«ሔራን፣ ሰው እየገደለ ነው።»

«ፖሊስ ጥራና እንሂድ።»

«ፖሊስ ሲደርስ ያ ሰው ሬሳ ነው። አቁሚው።»

አቆመችው። መሪውን በሁለት እጇ እንደያዘች ወደ ፊት እያየች «ከወረድክ አልጠብቅህም» አለች።

ጎሹ በሩን ከፍቶ ሳይወርድ ዞረ። ወራት ሙሉ ያፈነው ጥያቄ ያን ጊዜ ወጣ። «ያን ቀን ስሜን ስትጠሪ ምን ልትዪኝ ነበር?»

ሔራን ከንፈሯን ነከሰች። «ተው ልልህ ነበር። አምቡላንስ ልጠራ ስልኩን ይዤ ነበር እኮ።»

«እኔ ጨርሰው ያልሽኝ መስሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ዓይንህን ሳይ አውቄያለሁ። ግን ደግሜ አልጠራሁህም።»

ወረደ። መኪናዋ ከኋላው ስትንቀሳቀስ ሰማት፤ አልዞረም።

ፍሥሐ የሚጠግናት መኪና ጎማ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል። አንድ ዓይኑ የለም ለማለት ይቀላል፤ ፊቱ ግማሹ ደም ብቻ ነው። ጎሳዬ ሽጉጡን በአፈሙዙ ይዞ በእጀታው ነበር ሲመታው የቆየው። ጣቶቹ ላይ የፍሥሐ ፀጉር ተጣብቋል።

«አላመነም» አለ ጎሳዬ። «እስካሁን እኔ አይደለሁም ነው የሚለው።»

«እሱ አይደለም» አለ ጎሹ። «እኔ ነኝ።»

ጎሳዬ አልሰማውም። ሽጉጡን አስተካክሎ ያዘ። ጎሹ ገብቶ በሁለቱ መካከል ቆመ።

«ስማኝ። ክሪኩን የለቀቀው ባስልዮስ ነው፣ እኔ ላይ። እጄን የበላው ያኔ ነው። ከዚያ ተመታና ወደቀ። አልሞተም ነበር። አምቡላንስ ጥሩልኝ አለ። እኔ ነኝ ደግሜ የመታሁት። በጎማ መፍቻ። እጁን እንዲህ አድርጎ ነበር።» የራሱን ጎዶሎ እጅ ፊቱ ላይ ከፍ አደረገ።

የጎሳዬ ፊት ቀስ እያለ ተለወጠ። ወንድሙን ሲገንዙ የተሰበረውን ክንድ አይቷል።

«ወንድሜ አንተን ለምን ይገድልሃል?»

ጎሹ ጎዶሎ እጁን ወደ ታች አወረደ።

«እንደ ልጁ ያይህ የነበረ ሰው። ለምን?»

ጎሳዬ ዓይኑን ከጎሹ ትከሻ በላይ ወረወረ። ጎሹ ዞሮ አየ። ሔራን መኪናዋን መንገዱ ዳር ትታ፣ የሹፌሩን በር ሳትዘጋ፣ በእግሯ እየመጣች ነበር። በግማሽ ሩጫ ነው። ጎሳዬ እሷን አየ፣ ጎሹን አየ፣ ደግሞ እሷን አየ። መልሱን አገኘ።

«ጎሳዬ» አለች እሷ፣ እጇን ዘርግታ። «መጀመሪያ የመታሁት እኔ ነኝ። እሱን ተወው። እኔ ነኝ የጀመርኩት።»

ጎሹ ሽጉጡ ላይ ተወረወረ። አልደረሰም። የመጀመሪያው ጥይት ከጡቷ በላይ፣ ሁለተኛው አንገቷ ላይ ገባ። ሔራን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች፣ ከዚያ በጎኗ ጋደም አለች። ጎሹ አንገቷን በሁለት እጁ ያዘው። ግራ እጁ የሚዘጋበት ጣት ስለሌለው ደሙ በዚያ በኩል ያመልጠዋል። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣትም። ዓይኗ እሱ ላይ እንደነበረ ብርሃኑ ጠፋ።

ጎሹ በጉልበቱ ተንፏቆ ጎሳዬ ፊት ደረሰ። የጋለውን አፈሙዝ ይዞ የገዛ ግንባሩ ላይ አደረገው።

«በለኝ» አለው። «በለኝ ጎሳዬ።»

ጎሳዬ ጣቱ ምላጩ ላይ ነበር። ከዚያ መሣሪያውን አላቀቀውና የፓርኪንጉ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሽጉጡን ከእግሩ ሥር አስፋልቱ ላይ አስቀመጠው።

«አልገላግልህም» አለ።

ፖሊስ ሲደርስ ሦስቱም እዚያው ነበሩ። ፍሥሐ በሕይወት ተረፈ፤ አንድ ዓይኑ ግን ጠፋ። ጎሹ ጠበቃ ሳይጠይቅ ጋራዡ ውስጥ የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገረ። ክሪኩ የተለቀቀበት መሆኑን ለማስረዳት በኋላ የተመደበለት ጠበቃ ብዙ ደከመ። ዳኛዋ የጠየቀችው ግን አንድ ነገር ነው። ሁለተኛው ምት ሲያርፍ ሰውዬው መሣሪያ ይዞ ነበር ወይ?

«አልያዘም» አለ ጎሹ። «እጁ ባዶ ነበር።»

ከአሥራ አምስት ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ያ የሆነው በ2022 መጋቢት ላይ ነው። የጎሳዬም ፍርድ በዚያው ቀን ነበር። ጠባቂ በኮሮና አንሶ ስለነበረ ይሁን በስህተት፣ ሁለቱን ከፍርድ በኋላ አንድ ማቆያ ክፍል አስገቧቸው። እግራቸው በሰንሰለት ነው። አግዳሚው ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጎሳዬ ከስቷል፤ ፀጉሩ ሸብቷል።

«ሔራንን የት ቀበሯት?» አለ ጎሳዬ፣ ወለሉን እያየ። «እኔን የሚጠይቀኝ ሰው የለም።»

ጎሹን እትዬ አፀደ ጠይቀውት ነበር። ከእስር ቤቱ መስታወት ባሻገር ተቀምጠው ጀግና አላሉትም፤ ስሙንም አልጠሩትም። የመጡት ይህንኑ ሊነግሩት ነበር። ባስልዮስ በሕይወት እያለ የመቃብር ቦታ ለሁለት ገዝቶ ነበር። ሌላ ቦታ የሚያስቀብራት ዘመድ ከሲያትል በጊዜ አልደረሰም። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው፣ ሬሳ መቆየት የለበትም ብለው ወሰኑ።

«ባስልዮስ አጠገብ ነው» አለ ጎሹ።

ጎሳዬ ቀና ብሎ አየው። በሩ ተከፈተና የጎሹን ስም ጠሩ።